የቦሎቄ ዘር ሲሸጥ ሐረግ መሆን አለመሆኑ ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ከተማ ግብርና የምታወጧቸው ጽሑፎች በአብዛኛው በጎመን፣ በቆስጣ፣ በሰላጣና በቀይ ሥር ላይ ያተኩራሉ። ለነዋሪው የሚታደለው ችግኝም ከእነዚሁ አያልፍም። ሁሉም መሬት ይዘው የሚያድጉ ስለሆኑ፣ አሥር ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ያለው ሰው ሁለት መደብ እንደሠራ ቦታው ያልቅበታል። ከአጥሩ ሥር ያለችው የግማሽ ሜትር ጠርዝ ግን ሣር በቅሎባት ትከርማለች። ያቺን ጠርዝ ይዞ ከሁለት ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ለእሸትም ለደረቅ ፍሬም የሚሆን ተክል አለን፤ ገበሬው በብዙ አካባቢ አደንጓሬ ብሎ በበቆሎ መሃል የሚዘራው ተጠምጣሚ ቦሎቄ። መሬት እጅግ በጠበበባት በሩዋንዳ ብዙ ገበሬ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወደዚህ ዓይነት የዞረው፣ ከአንድ ስፋት መሬት ሐረግ ከማያወጣው ከአጭሩ ቁጥቋጦ ቦሎቄ ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚሰጥ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ለተክሉ ትንሽ ቢከብደውም ጊዜው ከተመረጠ ደህና አድርጎ ያፈራል።

ሞክረው የተዉት ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ «ቅጠል ብቻ ሆነብኝ»፣ «እንጨቱን ትቶ መሬት ላይ ተንጋለለ»፣ «አበባው ረገፈ» ይላሉ። የሦስቱም ምክንያት ይታወቃል፤ አብዛኛውም ዘሩ አፈር ሳይነካ በፊት የሚፈጠር ነው።

ከዘሩ ልጀምር። ከገበያ የሚገዛው ቀይና ነጭ ቦሎቄም ሆነ በፓኬት የሚሸጠው የፎሶሊያ ዘር በአብዛኛው ቁጥቋጦ ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አዋሽ-1 እና ናስር ለሜዳ እርሻ የተመረጡ ናቸው፤ እነሱን ሁለት ሜትር እንጨት ላይ ለማውጣት መሞከር ድካም ብቻ ነው። እውነተኛው ቁጥቋጦ ጥቂት አንጓ ካወጣ በኋላ ጫፉ ላይ አበባ ይዞ ይቆማል። ተጠምጣሚው ጫፉ ላይ ሁልጊዜ አዲስ ቅጠል አለው፤ አበባውን በየቅጠሉ ብብት እየያዘ ማደጉን ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰውን የሚያታልለው አለ። ቀጭን ሐረግ ያወጣና የሚጠመጠም ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበቱ አንድ ሜትር አካባቢ ያልቅና መሬት ላይ ይተኛል። ቅሬታ የሚመጣው ከሁሉም በላይ በዚህኛው ነው።

ሦስቱን በፍሬው ቀለም ወይም መጠን መለየት አይቻልም። ሻጩ ካልነገረ ገዢው የሚያውቀው ከዘራ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ዘር የሚያሽጉ ድርጅቶች፣ ሱቆችና በየወረዳው ዘር የሚያድሉ የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ሦስት ነገር ፓኬቱ ላይ ቢጽፉ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሐረግ ነው ወይስ ቁጥቋጦ፣ ለእሸት ቅርፊቱ ነው ወይስ ለደረቅ ፍሬው፣ ዘሩ የተመረተው በየትኛው ዓመት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም። ለደረቅ ፍሬ የተመረጠው ዓይነት ቅርፊቱ ገና በልጅነቱ ክር ያወጣል፤ ፎሶሊያ በካሮት ሠርቶ ሊበላ የፈለገ ሰው እሱን ተክሎ የሚያኝከው ገለባ ነው። ዘሩን ከገጠር የሚያስመጣ ሰው ደግሞ «በቆሎ ላይ የሚወጣው ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከማንኛውም መለያ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ቀጥሎ እንጨቱ። ለቲማቲም የተዘጋጀ የአንድ ሜትር ችካል ለዚህ ተክል አይበቃም። ሐረጉ ጫፉ ላይ ደርሶ የሚይዘው ሲያጣ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ይደራረባል፣ ውስጡ አየር ያጣል፣ በሽታውም ከዚያ ይነሳል። ከአፈር በላይ ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ ከአፈር በታች ደግሞ ግማሽ ሜትር ያስፈልጋል። በአጥር ጥግ ላለ ጠባብ ቦታ የምመርጠው አሠራር ይህ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ከሚሆኑ አጠናዎች ሁለቱን በሁለት ሜትር ርቀት ትከሉ፤ ጫፋቸውን በማገር ወይም በወፍራም ሽቦ አያይዙ፤ ከአፈሩ አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ሌላ ሽቦ ወጥሩ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ሲባጎ ዘርጉ። ዳርና ዳር ያሉት ቋሚዎች ሰያፍ ድጋፍ ይፈልጋሉ። ነሐሴ ላይ ዝናብ የጠጣ ቅጠል ከነፋስ ጋር ሲሆን ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ያልተደገፈ ቋሚ ከነፍሬው ይወድቃል።

ገመዱ ቁልቁል መውረዱ ግዴታ ነው። ቦሎቄ እንደ አተር የሚጨብጥ ክር የለውም፤ የሚጠመጠመው ራሱ ግንዱ ነው፤ በአግድም የተወጠረ ሽቦ ላይ አይሄድም። እሾሃማ ሽቦ ያለው አጥር ሥር ዘርቶ «ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው። የሐረጉን ጫፍ በሞቃት ቀን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ቀስ እያለ በአየር ላይ ክብ ይሠራል፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ዞሮ የነካውን ነገር ይይዛል። አዟዟሩ ከላይ ሲታይ ሁልጊዜ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በነፋስ የወረደ ሐረግ ስትመልሱ በዚሁ አቅጣጫ ጠምጥሙት፤ በተቃራኒው ብትጠመጥሙት በማግስቱ ተፈትቶ ታገኙታላችሁ።

የሚይዘው ነገር ሸካራና ቀጭን ይሁን። ልጡ ያልተላጠ አጠና፣ ሸምበቆና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጥሩ ናቸው፤ ውፍረቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር የበለጠ ልሙጥ ቧንቧ ላይ ግን ይንሸራተታል። ለገመድ ከናይሎን ይልቅ የቃጫ ሲባጎ ይሻላል፤ አንድ ወቅት ይችላል፣ በመጨረሻም ከነሐረጉ ተቆርጦ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ይገባል። አጠናው እንዳይበሰብስ ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየግንባታው የተለመደ ነው፤ የሚበላ ነገር በሚበቅልበት መደብ ግን መደረግ የለበትም። አፈር የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለብ ማድረግ ይበቃል። ካለፈው ዓመት የተረፈ እንጨት ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ የበሽታ ዘር ይዞ ይቆያል፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሌላው ሰዎች የሚረሱት ነገር እንጨቱ የሚተከለው ከዘሩ በፊት መሆኑን ነው። ተክሉ ከበቀለ በኋላ መትከል ሥሩን በዶማ መቁረጥ ነው።

በአዲስ አበባ አጥሩ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ የተጠጋውን ቅጠል ያጠወልገዋል፣ በበጋ ደግሞ ቀይ ሸረሪትን ይጋብዛል። ሐረጉና ቆርቆሮው መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ስለ ፀሐይ አቅጣጫም አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ከውጭ አገር መመሪያ የተቀዳ «ረጃጅሙን ተክል በስተሰሜን ትከሉ» የሚል ምክር በየቦታው ይነገራል። ያ የሚሠራው የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምትሆንባቸው የሩቅ ሰሜን አገሮች ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ለእኛ የሚሻለው መስመሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋት ነው፤ አንዱ ጎን የጠዋቱን፣ ሌላው የከሰዓቱን ፀሐይ ያገኛል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቦሎቄ ውርጭ የነካው ለት ያበቃለታል። ቀዝቃዛና ጭቃ የሆነ አፈር ውስጥም ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል፤ የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። በአዲስ አበባና በመሰል ከፍታ ለእሸት ቅርፊቱ የሚዘራ ሰው የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ውሃ እያጠጣ ቢዘራ፣ ወሮቹ ሞቃት ስለሆኑ ከ75 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ መልቀም ይጀምራል። ደረቅ ፍሬ የሚፈልግ ግን ሰኔ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ይዝራ። ሐረጉ በዚህ ከፍታ ለመድረቅ ከአራት ወር ያላነሰ ስለሚፈልግ ፍሬው ዝናቡ ባለቀበት በጥቅምት ይደርቃል። ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ በኋላ የተዘራ የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል፤ መጋቢት የተዘራውን ደግሞ ለደረቅ ልተወው ካላችሁ ቅርፊቱ በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ሻግቶ ፍሬው እዚያው ይበቅላል። አዳማን በመሰለ ሞቃት ቦታ ግን መጋቢትና ሚያዝያ ይቅርባችሁ፤ አበባ በያዘ ጊዜ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። እዚያ የዝናቡን መግባት ጠብቆ መዝራት ነው።

አፈሩን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሉ። ዋልካ አፈር ከሆነ መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ የቦሎቄ ሥር ውሃ በተኛበት ቦታ በጥቂት ቀናት ይታፈናል። «ቅጠል ብቻ ሆነ» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዩሪያና ካልበሰለ ፍግ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ከአየር ናይትሮጂን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። ከላይ ናይትሮጂን በብዛት ሲሰጥ ተክሉ እነሱን ይተዋቸዋል፤ ጉልበቱንም ወደ ቅጠል ያዞራል። ስድስት ሳምንት የሞላውን አንድ ተክል ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ እብጠቱን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም፤ ያኔ ተጨማሪ ብስባሽ ያስፈልጋል። ቦሎቄ ከባቄላና ከአተር ጋር ሲነጻጸር በዚህ ሥራ ደካማ ስለሆነ ጨርሶ ያለ ብስባሽ አይተውም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ካለ በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ማለትም ያልሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በዘሩ ጎን ቀብሮ መስጠት በቂ ነው፤ ዘሩን መንካት የለበትም።

ዘሩን ማታ ዘፍዝፎ ማደር ልማድ ነው፤ ለቦሎቄ ግን ጉዳት አለው። ደረቅ ፍሬ ውሃ በፍጥነት ሲጠጣ ክኩ ውስጡ ይሰነጠቃል። የሚሻለው መደቡን ከአንድ ቀን በፊት በደንብ አጠጥቶ በማግስቱ በደረቁ መዝራት ነው። በሲባጎው ሥር ሁለት ፍሬ፣ በተናጠል እንጨት ሥር ደግሞ አራት ፍሬ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። እስኪበቅል ድረስ ከላይ በኃይል ውሃ አታፍሱ። ቡቃያው አንገቱን አጥፎ ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ ላዩ ጠጥሮ ቅርፊት ከሠራ አንገቱ ይሰበርና ራስ የሌለው ግንድ ብቻ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለው አይድንም፤ ቶሎ ደግማችሁ ዝሩ። በአዲስ አበባ ለመብቀል ከሳምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ይወስዳል። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በሲባጎው አንድ፣ በእንጨቱ ሦስት አስቀሩ፤ ትርፉን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት፣ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣልና። በበቆሎ ላይ የምታወጡት ከሆነ በቆሎው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቅደም፤ እኩል ከተዘሩ ሐረጉ ቀድሞ ጠልፎ ይጥለዋል።

ዝናብ በሌለበት ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ትንሽ የሚበልጥ፣ ለሁለት ተከፍሎ በጠዋት ከሥሩ ይጠጣ። ከሁሉም በላይ ውሃ የማይቀርበት ጊዜ አበባ ካወጣበት ቅርፊቱ እስከሚሞላበት ያለው ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ የተዘለለ ውሃ የአንድ ዙር አበባ ያራግፋል። ሥሩን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ውሃውን ይቆጥባል። ሐረጉ የላይኛው ማገር ላይ ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ጫፉ ላይ ተከምሮ ከታች ያለውን ያጨልመዋል።

ከተባዮቹ ብዙ ሰው የማያውቀው የቦሎቄ ዝንብ ነው። ጥቁርና ጥቃቅን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ ትሉም በግንዱ ውስጥ ወርዶ አፈሩ ጋ ይቀመጣል። ቡቃያው ይቢጫል፣ አንገቱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ነቅላችሁ ልጡን ብትገልጡት ቡናማ ሙሽሬውን (ትሉ ዝንብ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበትን) ታዩታላችሁ። የተጎዳውን ነቅሎ ማቃጠል፣ በቀሩት ላይ ደግሞ አፈር እስከ ክኩ ድረስ ማስታቀፍ ይገባል፤ ከታቀፈው አፈር አዲስ ሥር ያወጣና ብዙዎቹ ይተርፋሉ። በክረምት ቀንድ አውጣ ቡቃያውን ሌሊት ይጨርሳል፤ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም ነው። ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ በጫፉ ላይ ሲከማች በጠዋት በውሃ ማጠብ፣ ካልሆነ 5 ግራም የተፈገፈገ ደረቅ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ይረዳል። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

በሽታውን በተመለከተ ሁለቱን መለየት ይበቃል። ዋግ በቅጠሉ ጀርባ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይሠራል፤ በጣት ሲያሹት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። የታመመውን ቅጠል ማንሳትና አየር እንዲያልፍ ማሳሳት ያግዛል። አንትራክኖስ የባሰ ነው፤ የቅጠሉን ደም ሥር በጀርባው በኩል ያጠቁራል፣ ቅርፊቱ ላይ ዳሩ የቀላ የጎደጎደ ጥቁር ቁስል ይፈጥራል። ቁስሉ ፍሬው ድረስ ስለሚዘልቅ በዘር ይተላለፋል። ከእንዲህ ያለ ቅርፊት ዘር ማስቀረት በሽታውን ለከርሞ መዝራት ነው። ሁለቱም በእርጥብ ቅጠል ላይ በሚሄድ እጅ ሊሰራጩ ይችላሉ፤ ጤዛው ሳይደርቅ መልቀምም ማሰርም ክልክል ይሁን። በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቦሎቄ አይመለስ።

ለእሸት የሚፈለገው ቅርፊት ፍሬው ከውጭ ጎልቶ ሳይታይ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይለቀም። ጥቂት ቅርፊት ተረስቶ ከበሰለ ተክሉ ማበቡን ይቀንሳል። ስትለቅሙ በአንድ እጅ ሐረጉን ያዙ፤ ሐረጉን ሳይዙ በአንድ እጅ ብቻ መጎተት ገና ያላበበውን ቅርንጫፍ ይነቅላል። ለዘር ደግሞ ጤነኛ ሁለትና ሦስት ተክል ከመጀመሪያው ምልክት አድርጉባቸውና ከታችና ከመሃል ያለውን ቅርፊት ሳትነኩ እንዲደርቅ ተዉት።

ደረቁ ፍሬ ጥርስ ምልክት እስከማያሳርፍበት ድረስ ይድረቅ። ነቀዙ ብዙ ጊዜ ከማሳው አብሮ ስለሚመጣ ዕቃን ማጽዳት ብቻ አያድንም። ለምግብ ለሚቀመጥ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አሽቶ አየር በማያስገባ ዕቃ መክደን ነቀዙን ይገታል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ዘሩን በደንብ ካደረቀ በኋላ በጠርሙስ ከድኖ ለአንድ ሳምንት በረዶ ቤቱ ውስጥ ቢያስቀምጥ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል፤ ክዳኑ የሚከፈተው ግን ጠርሙሱ ሲሞቅ ነው፤ አለበለዚያ ፍሬው እርጥበት ይጠጣል።

ስለ አበሳሰሉ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ጉዳዩ የጤና ነው። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ ዕቃን የሚያውክ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። አራትና አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በለብታ ሙቀት ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ከጥሬውም ሊብስ ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ቦሎቄ ቶሎ አይበስልም። ከአምስት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ፣ የሚቻል ከሆነ ሌሊቱን፣ ዘፍዝፉት፤ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፤ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፤ ከዚያም በጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ ይቀቀል። ፕሬዠር ኩከር ካለ ከሁሉም ይሻላል። ለንፍሮ ከስንዴ ጋር የሚቀቀል ከሆነ ቦሎቄው ለብቻው ቀድሞ ይፍላ፣ ስንዴው በኋላ ይጨመርበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጓሮ አትክልት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ